ፍግ የጠገበው መሬት

በጋይንት የኛ መንደር ሰው ፍጉን የሚበትነው ጓሮው ላይ ነው። ራቅ ላለ ማሳ የሚደክም ሞኝ የለም። ርስት የዘር ስለሆነ፣ ከአንድ አያት እንወለዳለን ያለ ሁሉ መጥቶ ድርሻዬን ማለት ይችላል። አባቴ ይህን አጥቶት አይደለም። ግን ሌላ መሬት አልነበረንም።

ከገደሉ ሥር ያለችው ማሳችን ጎርፍ አፈሯን ጠርጎት ድንጋይዋ አግጥጦ ነበር። አባቴ ግርጌዋ ላይ ድንጋይ ካበ። ክረምት በመጣ ቁጥር ካቡ ከላይ የወረደውን አፈር ይይዛል፤ አባቴም ካቡን ከፍ ያደርገዋል። ፍጉን በቅርጫት የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ቀሚሴ ታጥቦም ይሸት ስለነበር፣ ምንጭ ስንወርድ ጓደኞቼ ራቅ ብለው ይቆሙልኝ ነበር። እበቱ ሁሉ ለማሳው ስለሚሄድ እናቴም ኩበት መጠፍጠፍ ተወች። በርጥብ ጭራሮ ስታበስል ጭሱ ዓይኗን ያስለቅሳታል።

"ሌላው ሚስቱን ይቀልባል፤ አንቱ መሬት ይቀልባሉ" ትለው ነበር።

ከዓመታት በኋላ የማሳው ግርጌ ጠቆረ። ገብሱ የአባቴን ወገብ አለፈ፤ ጎተራችንም ለመጀመሪያ ጊዜ ክረምቱን ዘለቀ።

በተከታዩ በጋ የአባቴ የአጎቱ ልጅ ከስማዳ ቆላ ሚስትና ልጆቹን ይዞ መጣ። እዚያ ዝናብ ከድቶት ነበር። ድርሻውን ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ዘሩን ቆጠሩ፤ አልዋሸም።

"ምን ትላለህ?" አሉት አባቴን።

"የአባቱ ነው፤ ይካፈል" አለ።

ማሳዋ በገመድ ተለክታ ላይና ታች ተባለች። ዕጣ የሚጥለው የማን ምልክት እንደያዘ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ስለዚህ ጨው ጭኖ ወደ ንፋስ መውጫ ገበያ የሚያልፍ ሙስሊም ነጋዴ አስቆሙ። ዘመዳችን ጭራሮ ሰጠ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ከማሳው የደረቀ ፍግ አነሣና ሰጠ። ሁለቱንም አንድ ሽማግሌ ተቀብሎ ለነጋዴው አስያዘው። ነጋዴው ጭራሮውን ታች፣ ፍጉን ላይ ጣለና አህያውን እየነዳ ሄደ። ለኛ የደረሰን ላይኛው ድንጋይ ነው።

ማልቀስ የነበረብኝ ይመስለኛል። ምንም አልተሰማኝም። የአህያው ጭነት ወደ አንድ ጎን አጋድሎ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ።

ዘመዳችን ክፉ ሰው አልነበረም። ልጆቹ ደጅ ያድሩ ስለነበር ከካቡ ድንጋይ እየነቀለ ቤት መሥራት ጀመረ። አባቴ ሄዶ፣ "ካቡን ተወው፤ አፈሩ ይሄድብሃል" አለው።

"ነገ ደግሞ ሌላ ዘመድ ይመጣል። ለማን ብዬ ልጠብቀው?" አለው ድንጋዩን እንደ ያዘ።

አባቴ ወደ ቤት ተመለሰ።

ክረምቱ ሲገባ ጎርፉ ያንን ጥቁር አፈር ይዞት ወረደ። አባቴ በራፋችን ላይ ቆሞ ሲያየው ቆየ። ከዚያ ገባና ምሳ ደርሷል ወይ ብሎ ጠየቀ።

ዝናቡ እንዳባራ እናቴ ከበረቱ እበት አውጥታ ግድግዳው ላይ ኩበት መለጠፍ ያዘች። አባቴ አያት፤ አልከለከላትም። ያን በጋ እሳታችን ደህና ነደደ፤ የእናቴም ዓይን ዳነ። የሚጣድበት ግን ብዙም አልነበረንም።