ሃያ ሁለት ቁጥር ችካል

የጫኔ ሥራ ችካል መጠበቅ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ አለ እንዴ የሚለኝ ሰው አሰብን አያውቃትም። አሰብ ላይ እንጨት ብርቅ ነው። መሬት ላይ ችካል ተክለህ ዞር ካልክ፣ ስትመለስ የአንዷ ምስኪን ድስት ሥር ሲነድ ታገኘዋለህ።

የነዳጅ ማጣሪያው ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከተማዋን ሰው አጥለቅልቋት ነበር። ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ ነጋዴው የሚያድርበት አጣ። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ከከተማው ዳር፣ ጨዋማው ሜዳ ላይ፣ ትልቅ መንደር ለማሠራት አቀደ። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ፣ መሃሉ ገበያና ሲኒማ ቤት፣ አንዱ ጥግ ደግሞ ክሊኒክ። ስለሺ የሚባል መሐንዲስ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቶ ሜዳውን ለካ። ችካሎቹ ላይ ቁጥር በቀይ ዘይት ቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ጫኔ የካሚዮን ረዳት ሆኖ ሲሠራ መኪና ተገልብጦ እግሩን ሰብሮታል፤ ለጥበቃ ተቀጠረ።

ከሰው ጋር ተጣልቶ አያውቅም። በየቀኑ እያነከሰ ወደብ ይወርድና የተሰባበረ የዕቃ ሣጥን ለምኖ ያመጣል፤ ከሜዳው ዳር ይከምረዋል። ማገዶ ያጣ ከዚያ ይውሰድ፣ ችካሉን ግን ተዉልኝ ማለቱ ነው። ሴቶቹም ገባቸውና ተዉለት።

አንድ ቀን ስለሺ ጫኔን ሲያነክስ አየውና አዘነለት። ከሜዳው ጥግ ያለውን ሃያ ሁለት ቁጥር ችካል በእጁ መታ መታ አደረገና፣ «ይቺ የጥበቃው ቤት ናት። ስታልቅ ያንተ ነች» አለው። አልዋሸም፤ ፕላኑ ላይ አለች። ግን እንደ ጫኔ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ስለሺ በማግስቱ ሳይረሳው አይቀርም፤ እኔ ግን ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ምክንያቱም ጫኔ ወልድያ ሚስት ነበረችው። ባዩሽ ትባላለች። የሰው ደጅ ላይ አላረጅም፣ የራስህ ጣሪያ ሲኖርህ ጥራኝ ብላው እናቷ ዘንድ ቀርታ ነበር። ጫኔ በሾፌር በኩል ቤት አገኘን ብሎ ላከባት።

መጣች። ከመኪናው እንደወረደች በቀጥታ ወደ ሜዳው አመጣት። እኔ የደበዘዙትን ቁጥሮች ስቀባ ነበር። ቤቱ የታለ ብትለው ችካሉን አሳያት። እኔ አፍሬ ቀለሜን ማማሰል ጀመርኩ፤ አሁን ተመልሳ መኪናው ላይ ትወጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጓዟን አስቀመጠችና ላዩ ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲያው በሩን ወደ ባሕሩ አድርግልኝ» አለችው።

እስኪሠራ ብለው አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራዩ። የአሰብ ሰው ሙቀቱ ሲከፋ ቤት ውስጥ አይተኛም፤ አልጋውን ደጅ ያወጣል። ጫኔና ባዩሽ ግን የገመድ አልጋቸውን ግራና ቀኝ ይዘው ሃያ ሁለት ቁጥር ድረስ ይሄዱ ነበር። ዛሬ ሳሎን ነው መኝታ ቤት እያልኩ እቀልድባቸዋለሁ። ባዩሽም ሳሎኑ ለእንግዳ ነው፣ አንተ ደግሞ ባዶ እጅህን ስለምትመጣ እንግዳ አይደለህም ትለኛለች። ደስተኞች ነበሩ። ሁለቱን ሳይ ይህ መንደር ቢሠራ ብዬ አጥብቄ እመኝ ነበር።

አልተሠራም። የተመደበው ገንዘብ ለሌላ ሥራ ተፈለገ ተባለ፤ ስለሺም አዲስ አበባ እንደሄደ በዚያው ቀረ። ፕላኑን ውሃ በላው። ለጫኔ የነገርኩት እኔ ነኝ። ጎንበስ ብሎ ሰማኝና ለባዩሽ እንዳልነግራት ለመነኝ። ጥበቃውን ተው ያለው ስለሌለ መጠበቁን ቀጠለ። ማታ ማታም አልጋውን ተሸክመው መሄዳቸውን አልተዉም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ ባዩሽን ወባ ጣላት። ሐኪም ቤቱ የቻለውን አድርጎ መለሳት። ቤቴ ውሰደኝ አለችው። ጫኔ ወልድያን መስሎት መኪና ልፈልግ ብሎ ሲነሳ፣ እጁን ያዘችውና ባሕሩን የሚያየው ቤቴ አለች። አልጋውን እኔና እሱ ተሸከምን። በማግስቱ ጠዋት እዚያው አረፈች። ጫኔ እንደዚያ ሲያለቅስ በፊትም በኋላም አላየሁም።

ብዙም ሳይቆይ ሜዳው ለዕቃ ማከማቻ ተፈለገና ችካሎቹ ተነቅለው እንዲመለሱ ታዘዘ። አለቃችን አቶ ውድነህ ቆሞ አስቆጠረ፤ አንድ ጎደለ። ጫኔ በእጁ አንድም ችካል ጠፍቶበት አያውቅም። ማን እንደወሰደው ቢጠየቅ አልሸሸገም።

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ቤት አለ ብዬ ነው ያመጣኋት። ያለ ደጃፍ ልተዋት አልቻልኩም።»

አቶ ውድነህ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ቁጥሩ ሞልቷል፣ ጫኑት አለን።

ከሥራ ስወጣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሄድኩ። ባዩሽ እንደ ደንቡ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አድርጋ ነው የተቀበረችው፤ አሰብ ላይ ደግሞ ምሥራቅ ማለት ባሕሩ ነው። ችካሉ ከግርጌዋ ቆሟል። ቁጥሬን ፀሐይ በልቶታል፤ ሁለተኛዋ ሁለት ጨርሶ አትታይም። በማግስቱ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዤ ሄድኩና ደገምኩበት።