ሐረጎ ላይ የረጋው ዘይት

መኪና መጠገን ማንም አላስተማረኝም። እንደ ዛሬ ልጆች ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ወረቀት አልተቀበልኩም። የወደቀ ሞተር ለምኜ ወስጄ፣ ፈትቼ፣ መልሼ ገጥሜ፣ በእጄ የተረፈውን ብሎን እያየሁ «ይህ ከየት ጎደለ?» ብዬ ራሴን እየጠየቅሁ ነው የተማርኩት። ዛሬ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፣ የናፍጣ ሞተር ድምፅ በሩቁ ሰምቶ የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ የሚናገር ሰው ቢፈለግ ከኔ ሌላ አይገኝም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራም ቢሆን እውነት ነው።

ይህ ሁሉ እውቀት ግን መኪናዬን አላተረፈልኝም። ዛሬ ግቢዬ ውስጥ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ተወሽቆባት ቆማለች። ሰው ነገሩን እያጣመመ ስለሚያወራው እኔው ልጻፈው።

ሚኒባሷ አሮጌ የናፍጣ መኪና ነበረች። በሷ የአንድ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞችን ጠዋት ከደሴ ፒያሳ አነሣለሁ፣ ማታ እመልሳለሁ። ሰርቪስ ነው። በዚህ ዕድሜ ሌላ ሥራ የሚሰጠኝ የለም፤ የታክሲ ተራ የወጣቶች ግፊያ ነው። እንግዲህ ሰርቪሱ ካለ አለሁ፣ ከሌለ የለሁም፤ ነገሩ ይኸው ነበር።

ናፍጣ ሲጠፋ ጊዜ ማደያ ተሰልፌ መዋል ሆነ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ መኪናዋን በእጅ እየገፋን ነበር የምንጠጋው፣ ያለችውን ጠብታ ላለማቃጠል። እንዲህ ሆኜ ሁለቴ አረፈድኩ፤ ሠራተኞቹም የፋብሪካው በር ተዘግቶ ጠበቃቸው። የትራንስፖርት ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ጠርቶ ወንበር ሰጠኝና፣ «አባባ፣ እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም። ግን አንዴ ከደገሙ ሰርቪሱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ እኔም ከበላዬ አለቃ አለብኝ» አለኝ። አይደገምም፣ ኢንሻአላህ፣ ብዬው ወጣሁ።

ያን ቀን ፒያሳ ላይ አንዲት ሳምቡሳ ጠባሽ የጠቆረ ዘይቷን ወደ ቦይ ስትደፋ አየሁ። የናፍጣ ሞተር በምግብ ዘይትም እንደሚሠራ ድሮም አውቃለሁ፤ ዋናው ችግር ማጣራቱ ነው። የእህል ዘይት ወፍራም ነው፣ የሊጥ ፍርፋሪና ውሃ ይዞ ይመጣል። ነዳጁን የሚገፋው ፖምፓ ውስጥ ያ ከገባ ሞተር አለቀ። ሴትዮዋን ለኔ እንድታስቀምጥልኝ ለመንኳት፤ ለምን እንደሆነ ስነግራት እስክትጠግብ ሳቀች።

የሠራሁትን ማጣሪያ ላስረዳ፤ ከኔ በቀር ያሰበው ስለሌለ። መጀመሪያ ዘይቱ ጀሪካን ውስጥ ተቀምጦ አተላው ወደ ታች ይወርዳል። የላይኛው ጥሩው በሰልባጅ ጂንስ ሱሪ እግር ይጣራል። ታችኛው ጫፍ ተሰፍቶ፣ ሱሪው በርሜል ላይ ይንጠለጠላል፣ ዘይቱ በራሱ ጊዜ ጠብ ጠብ ይላል። አቡጀዲም ሞክሬ ነበር፣ ግን ቶሎ ይደፈናል። ከዚያ መኪናው ላይ የከባድ መኪና ፊልትሮ ገጠምኩ፤ ከሥሩ ውሃ የሚያቁር ብርጭቆ ያለው። ሁለት ታንከርም አደረግሁላት፣ ትንሹ የናፍጣ፣ ትልቁ የዘይት። ጠዋት በናፍጣ ትነሣለች፣ ስትሞቅ ከመሪው ሥር ባደረግኋት መክፈቻ ወደ ዘይት አዞራታለሁ፣ ላቆም ስል እንደገና ወደ ናፍጣ። ሁለቱም መስመር በስተመጨረሻ በዚያው በትልቁ ፊልትሮ ያልፋል። አንድ ጥሩ ፊልትሮ ካለ ሁለተኛ ምን ያደርጋል አልኩ።

ኮምቦልቻ ጋራዥ ያለው መካኒክ ወረቀት ያለው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ አይቶ፣ ሥራው ንጹሕ መሆኑን ሳይወድ አመነ። ከዚያ፣ «አባባ፣ ፖምፓው ካለቀ ይህን የሚተካ ዕቃ አገር ውስጥ የለም፤ ይወቁት» አለኝ። እኔ ሳለሁ አያልቅም አልኩት።

አላለቀም። በጋውን ሙሉ፣ ክረምቱንም ጨምሮ፣ ሌላው ሰልፍ ላይ ሲያንቀላፋ እኔ በሰዓቴ ደርሻለሁ። ሠራተኞቹ ኢንጅነር ይሉኝ ጀመር። ስሙ አንሶኝ ካልሆነ አልበዛብኝም። ከጎኔ የምትቀመጥ አንዲት ምላሰኛ ሠራተኛ ነበረች፣ ጠዋት ገና ሳትገባ ታሸትና፣ «ዛሬ ደግሞ ምን አበሏት አንቱ? ትናንት ሳምቡሳ ነበር፣ ዛሬ የሐይቅ ዓሣ ዓሣ ይላል» ትለኛለች። ኋላ የተቀመጡት ይስቃሉ። ቁርስ ሳይበሉ የሚወጡት ግን የጭሱ ሽታ ፈተና ነው እያሉ ያማርሩ ነበር።

ኅዳር ላይ የደሴ ውርጭ መጣ። በዚያው ሰሞን ፈሳሹ ዘይት ከገበያ ጠፍቶ፣ ጠባሾቹ ሁሉ ወደሚረጋው ዘይት ዞሩ። አንድ ጠዋት በርሜሌን ብከፍተው ነጭ ሆኖ እንደ ሞራ ቆሟል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይተወው ነበር። እኔ የራዲያተሩን ትኩስ ውሃ በቀጭን መዳብ ቱቦ አምጥቼ በዘይቱ ታንከር ውስጥና በፊልትሮው ዙሪያ ጠመጠምኩት። ሞተሩ በሞቀ ቁጥር ዘይቱም ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ ያልፋል። አሁንም እላለሁ፣ የሚያምር ሥራ ነበር።

መፈተን ነበረበት። እኛ ዘንድ የተጠገነ መኪና የሚፈተነው ሐረጎን ሽቅብ በማስወጣት ነው። የሐረጎን ዳገት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለ ችግር የወጣ መኪና ዳነ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠይቅም። ቁልቁለትማ ድንጋይም ይወርዳል። ስለዚህ ማታ ሠራተኞቹን ጭኜ ስመለስ የሚረጋውን ዘይት ከፈትኩላት። ወጣች። ሞተሩ እንደ እሳት ግሎ፣ ቱቦው በእጅ የማይነካ ሆኖ፣ አንዴም ሳታስነጥስ ደሴ ገባች። መካኒኩ ጋ ደውዬ አበሠርኩት። ማሻአላህ አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ሠራተኞቹን ይዤ ስወርድ፣ ፒያሳን ለቅቄ ትንሽ እንደሞቀች ወደ ዘይት አዞርኳት። ቁልቁለቱ ተጀመረ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ መስኮቱ ሁሉ ጉም ለብሷል። በቁልቁለት ደግሞ ነዳጅ የሚረግጥ የለም፤ በማርሽ ትይዛታለህ፣ መኪናዋ ራሷ ትወርዳለች። ሞተሩ አይለፋም። ካልለፋ አይሞቅም። የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ቀስት ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት፤ ያኔ ገባኝ፣ ግን ያኔ ኩርባው መሐል ነበርኩ።

ሞተሩ አንዴ ተንፈራገጠና ዝም አለ። ወደ ናፍጣው አዞርኩ። ናፍጣው የት ይለፍ? መንገዱ ያው አንዱ ፊልትሮ ነው፣ እሱም ረግቷል። ማርሹን ዝቅ አድርጌ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ተራራው ሥር አስጠግቼ አቆምኳት። ያንን ያደረገው የኔ እጅ ነው፤ ሌላ ሹፌር ቢሆን ገደል ገብተን ነበር። ማንም ግን አላመሰገነኝም፣ ሁሉም ሰዓቱን ነው የሚያየው።

«ኢንጅነር፣ ትነሣለች?» አለችኝ ያቺ ከጎኔ ያለችው፣ ቀስ ብላ።

«ትነሣለች።»

ደጋግሜ ላስነሣት ሞከርኩ። የረጋውን ዘይት ፖምፓው እየጎተተ፣ እያቃሰተ፣ በመጨረሻ ውስጡ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። ምን እንደሆነ መክፈት አላስፈለገኝም። ሠራተኞቹ ወርደው መንገድ ዳር ቆሙ፣ የሚያልፈውን መኪና እጃቸውን እያወዛወዙ ለመኑ። አንድ አይሱዙ ኋላው ላይ ጫናቸው። ያቺ ምላሰኛዋ የመጨረሻ ሆና ወጣች፤ ለብርዱ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስለነበር የምትለኝ ነገር ቢኖርም አልሰማሁም።

መካኒኩ መጥቶ ፊልትሮውን ሲከፍተው ነጩ ሞራ እንዳለ፣ የቆርቆሮውን ቅርጽ ይዞ ወጣ። ፖምፓውን ፈታ፤ ዘንጉ ተቆርጧል። «አባባ፣ ነግሬዎት ነበር» ይላል ብዬ ስጠብቅ አላለም። ዘንጉን በጨርቅ ጠርጎ እጄ ላይ አስቀመጠው። ብዙ ባለ ጋራዥ ጠየቅሁ፣ አዲስ አበባ ድረስ አስጠየቅሁ፤ ለሷ ዓይነት መኪና የሚሆን ዕቃ አሁን የለም።

የትራንስፖርት ኃላፊው አልደወለም። የተናገረውን ፈጸመ፣ ሰርቪሱን ሌላ ሰው ወሰደ። አልጠላሁትም። ቢደውል ግን ደስ ባለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግቢዬ ውስጥ ተቀምጬ የፊልትሮውን መላ አገኘሁ። የራዲያተር ውሃ አያስፈልግም፤ ከኤሌክትሪክ የሻይ ማፍሊያ ውስጥ የሚግለውን ሽቦ አውጥቼ፣ አሳንሼ በባትሪ እንዲሠራ አድርጌ ፊልትሮው ላይ ጠመጠምኩት። ሽቅብም ሆነ ቁልቁል፣ ሞተሩ ለፋ አልለፋ፣ ዘይቱ አይረጋም። ኢንጅነር ያሰኘኝ የመጀመሪያው ሥራ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የልጅ ጨዋታ ነው።

ባለፈው አርብ ያቺ ሠራተኛ ከጁምዓ በኋላ ልትጠይቀኝ መጣች። ስለ አዲሱ ሹፌር ጠየቅኋት፤ ደህና ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ ግን አያወራም አለች። ፊልትሮውን አምጥቼ ከባትሪው ጋር አገናኘሁላት። ጎንበስ ብላ አየችው።

«ማሻአላህ። ይሠራል ማለት ነው?»

«ወላሂ ይሠራል።»

ወደ ሚኒባሷ ዞር ብላ፣ ድንጋዮቹን አይታ፣ እንደገና ወደኔ ተመለሰች። «ታዲያ የት ሊገጥሙት ነው አንቱ?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። «ንኪው» አልኳት። እጇን ጣል አደረገችበት። «ይሞቃል» አለች። ከዚያ ታክሲ እንዳያመልጣት ተነሥታ ሄደች። እኔም ባትሪው እንዳያልቅ ሽቦውን ነቀልኩት።