ሩሲያዊው መኮንን በሙሽራ ፈረስ

የዲንሾው ኮርቻ ሠሪ ቱሉ በልጁ በኢህሳን የሚከፋው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሥዕል መማሯ። «አይበላ፣ አይጠጣ፣ አይጫን!» ይላል። በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ልትመረቅ ስትቃረብ ቁርጡን ነገራት፦ የመመረቂያ ሥራዋ ካለፈ እሰየው፤ ከወደቀ ግን ብሩሿን ጥላ ከሱ ጋር ቆዳ ትሰፋለች።

ሮቤ ከተማ፣ ኮሌጅ ውስጥ የሚያስተምራት ክብሩ በወጣትነቱ ሩሲያ የተማረ ሰው ነው። ለመመረቂያ ለየተማሪው አንድ አንድ መጽሐፍ ሲያድል፣ ለኢህሳን የደረሳት ወደ አማርኛ የተመለሰ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ እንደ ጡብ የወፈረ የጥንት የሩሲያ ልቦለድ ነበር። አምስት ሥዕል አውጪለት ተባለች። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አልቅሳ ጨረሰችው። የሩሲያን በረዶ መሳል እንኳ አላስቸገራትም፤ የሳነቴ አምባን የማለዳ አመዳይ እያየች ያደገች ልጅ ነች። አራቱ ሥዕሎች ሸጋ ሆነው ወጡ። አምስተኛው የልቦለዱ ጀግና፣ ባለፈረሱ መኮንን፣ ከሚወዳት ልጅ ለዘለዓለም የሚለያይበት ነው።

ክብሩ እሱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ልጅቷ ታለቅሳለች፤ እኔ ግን አላዘንኩም። ምኑ እንደሆነ አላውቅም። እስከ ሰኞ አስተካክለሽ አምጪ፤ አለዚያ አላሳልፈውም።»

ቅዳሜ ሥዕሉን ጠቅልላ በሚኒባስ ዲንሾ ገባች። ለአባቷ ልታሳየው ሐሳቡም አልነበራት፤ እሱ ግን መሬት ላይ ተዘርግቶ አየውና ጎንበስ አለ።

«ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ የማን ሠርግ ነው?»

«ሠርግ አይደለም አባ፤ መለያየት ነው።»

«ወላሂ ሠርግ ነው! ፈረሱ ከግንባሩ እስከ ጭራው ቀይ ዘርፍ! ይኼንን የምሠራው ለሙሽራ ፈረስ አይደል እንዴ?»

ኢህሳን ክው አለች። እውነቱን ነው። ፈረስ ሲያምር የምታውቀው በአባቷ እጅ ለሠርግ ሲዘጋጅ ነው፤ መኮንኑን ስለወደደችው ሳይታወቃት ሙሽራ አድርጋው አረፈች።

ቱሉ ታሪኩን ከሥር መሠረቱ ንገሪኝ አለ። ስትነግረው መርፌውን አስቀምጦ ሰማ፤ መጨረሻው ላይ ግን ቱግ አለ። «ጥሏት ሊሄድ? ባለጌ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መሄዱ ካልቀረ ዘርፉን አውልቂለት። ፈረሱንም ከዛፍ አስረሽዋል። ልቡ የሄደ ሰው ፈረሱን አያስርም፤ የልጓሙን ዛብ ከእጁ አይለቅም» አላት።

እሑድን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ በሌላ ወረቀት እንደ አዲስ ሳለችው። እሱም ወስፌውን እንደያዘ በትከሻዋ በኩል ብቅ እያለ፣ «እርካቡ ዝቅ ይበል! ዛቡን ጠበቅ አድርጊው!» ይላታል። ሕይወቷን ሙሉ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ሰኞ ክብሩ ሥዕሉን አየ፤ መነጽሩን አወለቀ። «አሁን አዘንኩ» አለ። «ማን ነው ያሳየሽ?»

«አባቴ» አለችው፤ እየሳቀች። ሥራዋም አለፈ።

ቱሉ ወሬውን ሲሰማ አልሐምዱሊላህ ብሎ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን፣ የተሳሳተውን ሥዕል። ከኮርቻዎቹ በላይ ሰቀለው። ገበያተኛ ቀና ብሎ ማን ናቸው ብሎ ከጠየቀው ሥራውን ያቆማል።

«መጽሐፉ ላይ ጥሏት ሄዷል አሉ» ይላል። «እኔ ቤት ግን አግብቷታል። የሳለችው ልጄ ናት።»