አባቴ ከሪንግ ተሸክሞኝ ሲወጣ

አባቴ ሬስለር፣ የትርኢት ትግል ታጋይ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ባሉ ትንንሽ አዳራሾች ወርቃማ ካባ ደርቦ የሌለ አገር ልዑል ሆኖ ይታገላል። ክፉው ሰው እሱ ነው። ሕዝቡ ሊሰድበው ይመጣል፣ ይሰድበዋል፣ እሱም በመጨረሻ ይሸነፍና ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል።

እኔ ይህን ያወቅሁት የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ቅዳሜ ኦቨርታይም ይሠራል» ስለምትል እኔም የማውቀው እንደዚያ ነበር። አንድ ቅዳሜ እሷ ሥራ ገባች፣ የሚጠብቀኝ ሰው ጠፋ፣ አባቴም ኮሎምቢያ ሃይትስ ካለው አፓርታማችን ይዞኝ ሄደ። ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጠኝና «ምንም ብታዪ እንዳታለቅሺ» ብሎኝ በመጋረጃ ኋላ ጠፋ።

ተመልሶ ሲመጣ ካባ ለብሶ ነበር። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ጮኸበት። አጠገቤ የነበረች አንዲት አሮጊት ከዘራዋን እያወዛወዘች የማልደግመው ስድብ ሰደበችው። እሱም ሪንጉ ላይ ወጥቶ በዚያ በሌለው አገር ቋንቋ ይራገም ጀመር፤ «ቲማቲም! ቃሪያ! ነጭ ሽንኩርት!» ሲል ሰው ይበልጥ ተቆጣ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚለው የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ደግሞም ከሁሉም በላይ ግራ የገባኝ እኔ ነበርኩ። ከዚያ አንድ ግዙፍ ነጭ ሰውዬ ከራሱ በላይ አነሣውና መሬት ላይ ጣለው። እንዳላለቅስ ታዝዤ ስለነበር አላለቀስኩም።

ስንወጣ ያቺ አሮጊት መኪናችን አጠገብ ቆማ ጠበቀችን። ለአባቴ በፎይል የተጠቀለለ ኩኪስ ሰጠችውና ጉልበቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደግሞ ግዙፉ ሰውዬ ከኩን ራፒድስ ድረስ መጥቶ ሶፋችን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እናቴ ምሳ አቀረበችለት። እኔ ከቀሚሷ ኋላ ተደበቅሁ።

«ጓደኛዬ ነው፤ ሰላም በይው» አለኝ አባቴ።

«ትናንት ወርውሮሃል።»

«አዎ። ወርውረኝ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ብቻዬን መወርወር ስለማልችል» አለ አባቴ።

ቤታችን እንደዚህ ነበር። አባቴና እናቴ እርስ በርሳቸው በኦሮምኛ ይነጋገራሉ፤ እኔን፣ ቤተ ክርስቲያናችን አማርኛ ስለሆነ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ በአማርኛ ያዋሩኛል፤ እኔ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ከሚነገረው ሁሉ አንድ ሦስተኛው ያመልጠኝ ነበር። ሬስሊንጉም ከሚያመልጡኝ ነገሮች አንዱ መስሎኝ፣ ሳድግ ይገባኛል ብዬ ተውኩት።

አባቴ ጉልበቱ ሲደክም አቆመ። እናቴ ጌታን አመሰገነች። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እኔ የነርሲንግ ትምህርቴን በመሃሉ ትቼ ኩን ራፒድስ ወዳለው ግዙፉ ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። ሰውዬው አርጅቶ፣ አንድ መጋዘን ተከራይቶ ሪንግ ተክሎ ወጣቶች ያሠለጥናል። ለምን እንደሄድኩ ሲጠይቁኝ ብዙ መልስ ሰጥቻለሁ፤ ለእናቴ አንድ፣ ለጓደኞቼ ሌላ። እውነቱን ለመናገር አላውቅም። ምናልባት ያ ያመለጠኝ ነገር ምን እንደነበር ለማየት ይሆናል።

እናቴ «አባትሽን ለምኜ ለምኜ አስተውኩት፤ አሁን ደግሞ አንቺ?» ብላ ለሳምንታት አኮረፈችኝ። አባቴ አልከለከለኝም፣ አልመረቀኝምም። «መጀመሪያ መውደቅ ተማሪ» ብቻ ነው ያለኝ።

እውነትም መጀመሪያ የሚያስተምሩት መውደቅ ነው። አገጭሽን ደረትሽ ላይ ታስጠጊያለሽ፣ በጀርባሽ ትወድቂያለሽ፣ በሁለት እጅሽ ምንጣፉን ትመቺያለሽ። ከምንጣፉ ሥር እንጨት አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ጀርባዬ በልዞ መተኛት አቃተኝ።

«ያማል እኮ» አልኩት ሰውዬውን።

«አዎ፣ ያማል» አለኝ።

«ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

«ማን እንደሚያሸንፍ ቀድመን እናውቃለን። ሌላውን እኔም እስካሁን በደንብ ለይቼ አላውቀውም» አለ፤ ሲቀልድ ግን አልነበረም።

ሪንግ ላይ መውጣት ስጀምር የግጥሚያዎቹ አዘጋጅ የልዑሉ ልጅ ብሎ አስተዋወቀኝ። ለስድብ ተዘጋጅቼ ነበር። ሕዝቡ ግን የአባቴ ስም ሲጠራ ተነሥቶ አጨበጨበ። ቆየት ብሎ የእኛም ልጆች መምጣት ጀመሩ፤ ሂጃብ ያደረጉም ያላደረጉም፣ እዚሁ ሚኒሶታ የተወለዱ ልጃገረዶች፣ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ይጮኹልኛል። አባቴ አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ሆኖ አይቶ፣ መኪና ውስጥ ስንገባ «እነዚህ ሰዎች እኔን ሲሰድቡኝ አልነበር እንዴ?» አለኝ። ቅር ብሎት ይሁን ደስ ብሎት ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ነው አዘጋጁ፣ ሴንት ፖል በሚደረግ አንድ ግጥሚያ አባቴ ካባውን ለብሶ ከጎኔ እንዲቆም የለመነው። ስምምነቱ ቀላል ነበር። ተጋጣሚዬ የአፕል ቫሊ ልጅ ናት፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉም በላይ የምቀርባት ጓደኛዬ። እኔ እወድቃለሁ፣ እሷ ገመዱ ላይ ወጥታ ትዘልብኛለች፣ አባቴ እግሯን ሊይዝ ሲሞክር ዳኛው ያየዋል፣ እኔ እሸነፋለሁ። እንደ ድሮው ሕዝቡ ይሰድበዋል፤ ያበቃል።

ወደቅሁ። ዘለለች። ጉልበቷ ትንሽ ወደ ጎን ሄደና ደረቴ ላይ አረፈ፤ ትንፋሼ ተቋረጠ። እንዲህ ሲሆን ዳኛው ጎንበስ ብሎ እጅሽን ይጨብጣል፤ መልሰሽ ከጨበጥሽው ደህና ነሽ ማለት ነው። እኔ መልሼ ጨብጬዋለሁ ብዬ እምላለሁ። ዳኛው ምንም አልተሰማኝም ይላል። ለጥቂት ጊዜ የተኛሁት ተጎድቼ ይሁን ወይስ የተጎዳ ሰው ሆኜ እየተወንኩ እኔም አላወቅሁም። የተማርኩት አተኛኘት ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል።

ዓይኔን ስገልጥ አባቴ ሪንጉ ውስጥ ነበር። ይህ በስምምነቱ ውስጥ የለም። ካባውን ጥሎታል። ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ «ኢንታላ ኮ» አለኝ። በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። በሕይወቱ ለእኔ በኦሮምኛ ተናግሮ አያውቅም። ከዚያ በዚያ በታመመ ጉልበቱ አነሣኝና፣ ገመዱን ዝቅ አድርገውለት፣ በወንበሮቹ መካከል ተሸክሞኝ መሄድ ጀመረ። ሰው ሁሉ ተነሣ። የሚያለቅሱም አየሁ።

«አባዬ፣ ደህና ነኝ። አውርደኝ» አልኩት በሹክሹክታ።

«ዝም በይ» አለኝ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስተኛኝና የጫማዬን ማሰሪያ ፈታ። ጓደኛዬ እያለቀሰች ገባች፤ እጇን ይዤ ደህና ነኝ አልኳት። አዘጋጁ ከኋላዋ ሮጦ መጣና «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ማን አሰበው?» አለ። አባቴ እሱን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ላቡን ጠረገና «ጥሩ ነበር፣ አይደል?» አለው።

አዘጋጁ በሚቀጥለው ወር አፕል ቫሊ ላይ እንዲደገም ጠየቀ። እምቢ ይላል ብዬ ስጠብቅ «እችላለሁ» አለ።

የአፕል ቫሊው ግጥሚያ ቀን እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣች፤ የእሑድ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔ ወደቅሁ፣ ጓደኛዬ በጥንቃቄ ዘለለች፣ አባቴ ገባ። ካባውን በዚያው በኩል ጣለው። «ኢንታላ ኮ» አለኝ፤ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ዓይን። አነሣኝ። እውነት ነው ብዬ አንድ ወር ሙሉ በልቤ የያዝኩት ነገር እንዳለ ተደገመ፣ አንድም ሳይጎድል። በእቅፉ ሆኜ ከየትኛው ጊዜ ጀምሮ እየተወነ እንደነበር ለማሰብ ሞከርኩ። አልቻልኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ ድራይቭ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሀይዌይ ላይ ስንወጣ ጠየቅሁት።

«የመጀመሪያው ቀን፣ የምር የተጎዳሁ መስሎህ ነበር?»

«አንቺስ ተጎድተሽ ነበር?»

«አላውቅም።»

«እኔ እንዴት ልወቅ ታዲያ?»

«የዛሬውስ?»

ጉልበቱን በእጁ ያሸው ጀመር። እናቴ ከኋላ ሆና በኦሮምኛ አንድ ነገር አለችው፤ እሱም በአጭሩ መለሰላት። ምን እንደተባባሉ ጠየቅሁ። «ምንም» አለች እናቴ። «ጉልበትህን አመመህ ወይ ነው ያልኩት።» ከዚያ የረዘመ ነገር እንደነበር ግን ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላም ጥቂት ጊዜ ተሸከመኝ፤ በመጨረሻ ጉልበቱን ኦፕሬሽን ተደረገና ሐኪሙ ከለከለው። እኔ ቀጥያለሁ። አሁን የማሸንፍበት ጊዜ ይበዛል። ከጓደኛዬና ከዳኛው ጋር ተነጋግረን የእጅ መጨበጡን ትተነዋል፤ አሁን የተጎዳ ሰው በአፉ የሚናገረው አንድ ቃል አለን። አባቴንም ላስተምረው ፈለግሁ፤ አልፈልግም አለ።

«ፊትሽን አያለሁ፤ ይበቃኛል» አለኝ።

ፊቴ እኮ ነው ለመዋሸት ስንት ዓመት የሠለጠነው። ይህን ልነግረው ጀመርኩና ተውኩት፤ ያንን ከእኔ በተሻለ ያውቃል።

አሁን ከእናቴ ጋር ከፊት ይቀመጣል። በወደቅሁ ቁጥር ከወንበሩ ይነሣል፤ እናቴ የጃኬቱን ጫፍ ይዛ ትጎትተዋለች። ከምንጣፉ ላይ ሆኜ በጎን አያቸዋለሁ። ሰዎች የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው ያጨበጭቡለታል። አንዳንዴ ቶሎ ይቀመጣል፤ አንዳንዴ ግን ግጥሚያው እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ ይቀራል።