የቦራ ሁለት ዋጋ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ወረቀት ይዞ መጣ። ፈረሱን ሊሸጥ ነው፤ ውል እንድጽፍለት ፈለገ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሩን ውል የምጽፈው እኔ ነኝ። የሻጩን ስም ጻፍኩ፣ የፈረሱን መልክ ጻፍኩ።

"ጤናማ ነው ብለው ይጨምሩበት፣ እትዬ" አለኝ።

እጄ ቆመ።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዳባት በጸሐፊነት ተቀጥሬ ነበር። አባቴ ከደባርቅ በላይ፣ ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ አብሯቸው የቀረው ቦራ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ። ሁለቱም አርጅተው ነበር። በዚያ ዓመት የአባቴ እግር አብጦ ኮርቻ ላይ መውጣት አቃታቸው። የደባርቁ ሐኪም ጎንደር ይሂዱ አለ። የእኔ ደመወዝ ለዚያ አይበቃም፤ የፈረሱ ዋጋ ከተጨመረበት ግን ይበቃል ብዬ አሰብኩ።

አባቴ ብዙ አልተከራከሩኝም። ሁለት ነገር ብቻ አዘዙኝ። "ሳሉን ሳትነግሪ እንዳትሸጪው። ከስድስት መቶ ብር ካነሰ ደግሞ መልሰሽ አምጪው።"

ስድስት መቶ በዚያን ጊዜ የጎልማሳ ፈረስ ዋጋ ነው። እኔ የሽማግሌ ኩራት መሰለኝ።

ጥር ነበር፤ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አባቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ገብሱ ተወቅቶ መንገዱ ሁሉ ገለባ ነው። ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ቦራን እየጎተትኩ ወደ ደባርቅ ወረድኩ፤ ከያዝኩት ቆሎ ለእሱም እየሰጠሁት። የከብት ገበያው ሜዳ ነው፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ቦራን አያስለውም። ሳሉ የሚመጣው ዳገት ሲወጣ ነው። የእንስሳት ሐኪሙን ጠይቄው ነበር፤ ከገለባው አቧራ ሊሆን ይችላል፣ ከሳንባም ሊሆን ይችላል ብሎኛል። ይህንኑ ለጠየቀኝ ሁሉ ነገርኩ። ሰዎች እየመጡ አፉን ከፍተው ጥርሱን ያያሉ፣ ሳሉን ይሰማሉ፣ ዋጋውን ይሰማሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ ደላላ ግን ቆሞ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

"ለስድስት መቶማ አንቺም ምርቃት መሆን አለብሽ" አለ። ሰው ሳቀ። እኔ የቦራን ልጓም አስተካከልኩ።

ሁለት ቅዳሜ ሳይሸጥ መለስኩት። ሁለቱንም ቀን አባቴ በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። "አልሄደም?" ይላሉ። ሁለቱንም ቀን ያቀረብኩላቸውን ቅንጬ ጥርግ አድርገው በሉ። በሌላው ቀን ሦስት ማንኪያ እንኳ አይወርድላቸውም ነበር። ይህን ያኔ አላስተዋልኩትም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከአምቢኮ የመጣ ሰው ቀረበ። በቅሎው ገደል ገብታበት እህል የሚጭንበት ፈልጎ ነው። ሳሉን ነገርኩት። ጥርሱን አላየም፤ ቦራን ከገበያው ጀርባ ወዳለው ዳገት ወስዶ ሽቅብ አስሮጠው። ቦራን አሳለው። ሰውዬው ጆሮውን ጎኑ ላይ ለጥፎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

"ሁለት ክረምት ይቆያል፤ ወይም አይቆይም" አለኝ። "ሁለት መቶ ሃምሳ እሰጥሻለሁ። ከዚህ ብቀንስ አንቺን እበድላለሁ፤ ብጨምር ልጆቼን።"

እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ ፍርድ አልሰማሁም። ሰጠሁት። ሲሄዱ ቦራ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላለም፤ አቀበቱን እየሳለ ወጣ።

ልጓሙን ብቻ ይዤ ስመለስ አባቴ በር ላይ ነበሩ።

"ስንት ሄደ?"

"እንዳሉት፣ ስድስት መቶ" አልኩ። ደስ እንዲላቸው ነበር።

ልጓሙን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አኖሩት። "ሳሉን ነግረሽዋል?"

"ነግሬዋለሁ።"

"ሳሉን የሰማ ሰው ስድስት መቶ አይሰጥም። ስድስት መቶ ያልኩት ማንም እንዳይገዛው ብዬ ነው።" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "የሰው ገንዘብ ነው። መልሺለት።"

በአራተኛው ቀን ብሩን ፊታቸው አድርጌ እውነቱን ተናገርኩ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ እንደሆነ፣ ሰውዬው ዳገት አስሩጦ ጎኑን እንዳዳመጠ፣ ያልታዘዝኩት በዋጋው እንጂ በሳሉ እንዳልሆነ። ብሩን አልነኩትም።

"አሁን ደግሞ እኔን ሐኪም ቤት ለማስገባት ትዋሺያለሽ" አሉ። ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። "የቀረውን ደብቀሽዋል።"

አምቢኮ ሩቅ ነው። ወደዚያ በሚሄዱ ነጋዴዎች መልእክት ላክሁ፤ ሰውዬው ራሱ መጥቶ ይመስክርልኝ ብዬ። መልስ አልመጣም። የነፍስ አባታቸውም መጥተው ለመኗቸው። አባቴ ግን በተታለለ ሰው ብር አልታከምም አሉ። በሁዳዴ አጋማሽ አረፉ። ብሩ ለተዝካር ዋለ፤ ሌላ የሚሆንበት ነገር አልነበረም።

ጎረቤቴ እስክሪብቶዬን ያያል።

"ያስለዋል?" አልኩት።

"ዳገት ላይ ትንሽ። የማያስለው ፈረስ የት አለ?"

"ዳገት ላይ ያስለዋል፤ ይህም ለገዢው ተነግሮታል" ብዬ ጻፍኩ። የዋጋውን ቦታ ክፍት ተውኩት።

አነበበውና "ይህ ተጽፎ ማን ይገዛዋል፣ እትዬ? ስንትስ ይባላል?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ሌላ ጸሐፊ እንደሚፈልግ ገባኝ።

ቅዳሜ አለፈ። ፈረሱ እስካሁን አልተሸጠም፤ ወይም ጎረቤቴ ገበያ አልወሰደውም። ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ሲስል ይሰማኛል።