ፎርማት የሚሉት መድኃኒት

ጂንካ ውስጥ ኮምፒውተር ተሸክሞ ጥገና ቤት የገባ ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። ስክሪኑ ቢጨልም ፎርማት። ድምፅ እምቢ ቢል ፎርማት። ዱሮ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ለሆድ ቁርጠቱም ለራስ ምታቱም አንድ ዓይነት ነጭ ክኒን ይሰጡን ነበር። ክኒኑ ባያድን እንኳ የሰው ነገር አይወስድም ነበር። ይሄኛው ይወስዳል። ቃሉን ስሰማ እስከ ዛሬ ምራቄ ይመርረኛል።

ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትልቁ ዓይነት ነው፤ ልጆቼ አዋጥተው ለልጅ ልጄ የገዙላት። እሷ የምትኖረው ከኔ ጋር ነው፣ እዚሁ ከተማ ትማራለች። ባሌ ከመሞቱ በፊት ታሞ በረንዳ ላይ ሲውል፣ አጠገቡ ተቀምጣ እያስወራች በስልኳ ቀዳችው። የሚያወራው በኛው ቋንቋ፣ በአሪኛ ነበር። የአባቶቹን ስም፣ ገዘር አካባቢ ያለው መሬታቸው ከማን ወደ ማን እንዳለፈ፣ ቀፎ በየትኛው ዛፍ እንደሚሰቀል፣ በችጋሩ ጊዜ ማን ለማን እንዳካፈለ። መሃል ላይ «ያቺን ዶሮ ከጎደሬው አባርሩልኝ!» ብሎ ይቆጣል፤ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል። ስልኳ ሲሞላባት ሁሉንም ወደ ኮምፒውተሩ አዛወረችው፤ ስልኩ ላይ ምንም አልቀረም። እሁድ ከቸርች ስንመለስ ከፍተን እንሰማዋለን። ከሞተ ወዲህ ባሌን የማገኘው እዚያ ብቻ ነበር።

ዋይፋይ ግቢያችን ሲገባ የተከራዮቹም ስልክ፣ የሷም ስልክ፣ ኮምፒውተሩም ያዘው። አንድ ቀን ግን ኮምፒውተሩ ራሱን በራሱ አፕዴት አድርጎ ሲያበቃ፣ ዋይፋይ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም አለ። ልጅቷ ጎኑን ፈታች። ዋይፋዩን የምትቀበለውን ትንሿን ካርድ አውጥታ አቧራዋን በብሩሽ ጠረገች፣ መልሳ ሰካቻት፣ አንቴናዎቹን አጠበቀች። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የካርዱን ስም አሳየችኝ፤ ጎኑ ላይ ቢጫ ምልክት ተለጥፎበታል።

«ካርዱ ደህና ነው እማማ። ድራይቨሩ ነው የተበላሸው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ካርዱንና ኮምፒውተሩን የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። አስተርጓሚ በይው።»

አስተርጓሚ ስትለኝ ገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ገበያ የቆየሁ ሴት ነኝ፤ ከሐመሩም ከበናውም ከፀማዩም ጋር ስንሸጥ ስንገዛ አስተርጓሚ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

«ታዲያ ሌላ አምጪለት።»

«ከኢንተርኔት ነው የሚወርደው። ኢንተርኔት ለመግባት ደግሞ እሱ ራሱ ያስፈልጋል።»

«ይህን የሠራው ሰውዬ ጠጥቶ ነበር?» አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። ጓደኛዋ በፍላሽ ያመጣችላትን ሞከረች፤ ለሌላ ካርድ የተሠራ ነው ብሎ አልቀበልም አለ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን በነጠላዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና በባጃጅ ወደ ጥገና ቤቱ ሄድን።

እዚያ አንድ ከገዘር በሚኒባስ የመጡ መምህር ላፕቶፓቸውን አቅፈው ወረፋ ይጠብቃሉ። ጠጋኙ ወጣት ነው፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። ወዲያው አንድ ሰው ከቢሮ መኪና ወርዶ ገባና የሱ ላፕቶፕ ቀድሞ ተከፈተ።

«አንተ ልጅ፣ እኚህ መምህር ቀድመው ነው የመጡት» አልኩት።

«ማዘር፣ የመንግሥት ሥራ ነው።»

«መምህሩስ የማንን ሥራ ነው የሚሠሩት? የኔን ጓሮ ነው የሚያርሙት?»

መምህሩ በመዳፋቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። የቢሮው ሰው ዞሮ አየኝ፤ እኔም አየሁት። መምህሩ ቀደሙ። ለሳቸውም የተነገራቸው ያው ፎርማት ነው።

የኛ ተራ ሲደርስ ልጁ ኮምፒውተሩን አብርቶ፣ ወንበሩ ላይ እንኳ ሳይደላደል «ፎርማት ነው» አለ።

«ድራይቨር ብቻ ነው የጎደለው» አለችው ልጅ ልጄ።

«ዊንዶውሱ ራሱ ነው የተበላሸው።»

እኔ ጠየቅሁት፤ «ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ምን ይሆናል?»

«ይጠፋል ማዘር። አዲስ ይሆናል።»

«ስማኝ። አስተርጓሚ ጠፋ ተብሎ ተናጋሪው አይገደልም። ውስጡ የሰው ድምፅ አለ። እሱን እንዳትነካ።»

«እሺ፣ መጀመሪያ ወደ ራሴ ሃርድ ዲስክ እገለብጠዋለሁ።»

«በል ድገመው።»

«እገለብጠዋለሁ፣ አልነካውም።»

በመምህሩ ፊት ነው ያስደገምኩት። ልጅቷ ነጠላዬን ጎተተች፤ «ተይ እማማ፣ አሳፈርሽኝ።»

በማግስቱ ስንመለስ ልጁ በሩ ላይ ሆኖ ፈገግ አለ። «ማዘር፣ ነፍስ ዘርቷል!» እውነትም ዋይፋዩ ይሠራል። ልጅ ልጄ ተቀምጣ አንዱን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ሌላ ትከፍታለች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ፎልደሩን የት አደረግከው? የአያቴን ድምፅ?»

«ፎርማት አድርጌዋለሁ እኮ።»

«ገልብጠኸዋል?»

ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ። «ሥራ በዝቶብኝ… ረሳሁት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሊያጽናናኝ ነው መሰል፣ «ምን ነበር ማዘር? መዝሙር ነው? መዝሙር ከሆነ ከኔት ይወርዳል፤ አሁን ኔት አለ» አለኝ።

የእርዳታ ስንዴ ለዘመድ ሲታደል አይቻለሁ። ደሀ ከሰሰ ተብሎ ፋይሉ ሲጠፋም አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን ግን አስጠልቶኝ አያውቅም። ባሌን ከኔት አውርጂው ይለኛል።

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው። «ፎርማት ስታደርገው ዋይፋዩ ሠራ?»

«አይ፣ እንደዚያም ሆኖ እምቢ አለ። ድራይቨሩን ከፍላሽ ስጭንለት ነው የሠራው።»

«ፍላሹ ትናንት የት ነበር?»

መሳቢያውን ሳበና አሳየን። «እዚሁ።»

«ታዲያ ለምን መጀመሪያ አልጫንክለትም?»

«ፎርማት ይቀላል። ሁሉንም እንደዛ ነው የምንሠራው።»

የጠፋውን የሚመልስ ፕሮግራም አለ ብሎ ከኛው ፊት ሞከረ። የቅጂዎቹ ስም ተመልሶ መጣ፤ ሲነኩት ግን ዝም። ስም ብቻ፣ ውስጡ ባዶ። ኮምፒውተሩን ጠቅልዬ ወጣሁ። የሠራሁበትን ሂሳብ አልቀበልሽም ብሎ ሲከተለኝ ዞሬም አላየሁት።

ከጊዜ በኋላ ጠጋኙ ልጅ ሽማግሌ ላከብኝ። አጎቱና የቸርቻቸው ሽማግሌ መጡ፣ እሱ በሩ ጋ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እኛ አገር ነገሩ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ደጅሽ ከቆመ የበደለው ሰው ሥራ አልቋል፣ የቀረው ያንቺ ሥራ ነው። ይሄም ያስጠላኛል።

«ልጅ ነው፣ አጥፍቷል። አንቺም እናት ነሽ» አሉኝ።

«ጥፋቱን ራሱ ይናገር። ምን አጠፋህ?»

«ዳታ አጠፋሁ።»

«ዳታ ማን ነው?»

ወደ አጎቱ ዞረ። የቸርቹ ሽማግሌ «እግዚአብሔርም ይቅር ይላል እኮ እህቴ» አሉ።

«እግዚአብሔር የጠፋውን ያውቀዋል። ይሄ ልጅ አያውቀውም። መጀመሪያ ይወቅ፣ ከዚያ ይለምነኝ። ና ተቀመጥ!»

ተቀመጠ። እሱም የአሪ ልጅ ነው፣ ማዘር እያለ ቢጠራኝም። ቅጂው ውስጥ የነበረውን ከአባቶች ስም ጀምሬ በአሪኛ ተናገርኩለት። ልጅ ልጄ ሳላዛት፣ ልትቀዳኝ፣ ስልኳን ከፍታ አጠገቤ አስቀመጠች። ስለ ቀፎው ስናገር አጎትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። የባሌ ቃል በኔ ጉሮሮ ሲወጣ ግን ለራሴም አስጠላኝ፤ ልክ የሰው ልብስ የለበስኩ ይመስል።

ከዚያ ስለ እንሰት ጓሮው የተናገረው ላይ ደረስኩ። የአባታቸው ጓሮ ሲከፈል ግማሹ ለእህቱ ይገባ እንደነበር፣ የከለከልኳት እኔ እንደሆንኩ ባሌ በገዛ አፉ ተናግሯል። እኔ እስከ ዛሬ አልቀበለውም፤ ጓሮውን ያቀናሁት እኔ ነኝ። ድምፁ ጠፍቷል። ብዘለው ማን ይጠይቀኛል? ቆምኩ።

«ደከመሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«አልደከመኝም።»

እንዳለው አድርጌ ተናገርኩት፤ ለኔ የተጠቀመባትን ስድብ ጭምር። ልጅ ልጄ ቀና ብላ አየችኝ፣ ቅጂው ላይ ያንን ቦታ ታውቀዋለች።

ስጨርስ ልጁ ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ አሁን በአሪኛ። ይቅር አላልኩትም። ሽማግሌዎቹ ቅር ብሏቸው ሄዱ። ዛሬም በሱቁ ሳልፍ ሰላም አልለውም፤ ሰው ሁሉ ልበ ደንዳና ይለኛል፣ ይበል። እኔ ግን ባሌ ያለውን አልቀነስኩም፣ አልጨመርኩም። ለባሌ እህትም ላክሁባት፤ ትምጣና ወንድሟ ስለ ጓሮው ያለውን ትስማ። ከዚያ እንከራከራለን።