«አይቲ» የልጄን ድርሰት አዳነ

ዛሬ በምንኖርበት የውጭ አገር ሰፈር፣ ሬኒየር ቫሊ፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ በአንድ የፊንላንድ ቃል ክርክር አሸነፍኩ።

የአማርኛ አስተማሪው ጋሽ ታደሰ የልጄን ድርሰት ልጆች ድርሰታቸውን ከሚያነቡበት ከነገው ዝግጅት ሊያስቀሩ ነበር። ምክንያቱ? «መኪናችንን ፓርክ አደረግን» ብላ የእንግሊዝኛ ቃል ጽፋለች።

«ይሄ አማርኛ ነው?» አሉኝ።

ሳምንቱን ሙሉ የአንድ የፊንላንድ ቃል ምንጭ ስፈልግ ነበር። ያገኘሁትን ነገርኳቸው። ፊንላንዶች እናትን «አይቲ» ይላሉ፤ ቃሉን የወሰዱት ከጀርመንኛ ጋር የሚዛመድ ቋንቋ ከሚናገሩ የጥንት ጎረቤቶቻቸው ነው።

«የራሳቸው አልነበራቸውም?»

«ነበራቸው፤ ‹ኤሞ›። አሁን ለእንስሳት እናት ነው የሚሉት።»

«ጉድ! የገዛ ቃላቸውን ለላም ሰጡት?»

«ሰጡት፣ ጋሼ። ቋንቋቸው ግን ዛሬም ፊንላንድኛ ነው።»

ከዚያ ቀይ እስክሪብቷቸውን ከደኑ።

«ኦኬ፣ ታንብብ።»

ኦኬ አሉ! (የማን ቃል እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።)

እናንተስ፣ ለልጃችሁ አማርኛ ከማን ጋር ተሟግታችሁ ታውቃላችሁ?